የሱቅ ትዝታና የሠራተኛ ሐቅ

በረመዳን ለኢፍጣር የሚሰባሰበው ቤተሰብ ብቻ አይደለም። ድሮ በአንድ ሱቅ አብረው የሠሩ ሰዎችም ይጠራራሉ። በመርካቶ ንግድ ባደጉ ቤተሰቦች ዘንድ ይህ የታወቀ ነው። ጾሙ በተምር ተፈትቶ፣ መግሪብ ተሰግዶ፣ ቡናው ሲቀርብ ጨዋታው ወደ ድሮ ይመለሳል። ሱቁ አንድ በር ብቻ የነበረበት፣ ጣቃው መሬት ላይ የሚደረደርበት፣ ተላላኪው ልጅ ባንኮኒው ሥር የሚያድርበት፣ ዱቤው በአሮጌ ደብተር የሚጻፍበት ጊዜ ይነሳል። ይሳቃል፤ ለሞቱትም ዱዓ ይደረጋል።

ይህን ልማድ እንወደዋለን። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት፣ ሳኢብ የተባሉት ሰሓባ ወደ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመጡ ሰዎች ያወድሷቸው ጀመር። ነቢዩም ከሁሉም ይበልጥ እንደሚያውቋቸው ተናገሩ። ሳኢብ በበኩላቸው ነቢዩ የድሮ የንግድ ሸሪካቸው እንደነበሩ አስታውሰው፣ የማይጨቃጨቁ መልካም ሸሪክ እንደነበሩ መሰከሩ። የድሮ ባልደረባ ትዝታ እንግዲህ ምስክርነትም ነው።

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሱቅ የተከፈተው በቃል ነው። “ሱቁ ይቁም እንጂ አንረሳህም” ተብሎ ያለ ደመወዝ የሠራ አለ። ከገጠር መጥቶ፣ ምግብና መኝታ ብቻ እያገኘ ለዓመታት የሸጠ የዘመድ ልጅ አለ። ገንዘብ ባይኖረው ጉልበቱን አዋጥቶ ከትርፉ ሊካፈል የተስማማም አለ፤ ወረቀት ግን የለውም። ዛሬ ሱቁ ፎቅ ሆኗል፤ ባለቤቱ ወደ አኼራ ሄደዋል፤ ልጆቻቸው ወርሰዋል። ልጆቹ ደብተሩን እንጂ ቃሉን አያውቁም። ቃሉን የሚያውቁት በኢፍጣሩ ማዕድ ዙሪያ የሚያወጉት ሽማግሌዎች ናቸው።

ቁርኣን በአል-በቀራ 282ኛው አንቀጽ ዕዳ እንዲጻፍ ያዛል፤ ምስክሮችም ሲጠሩ እምቢ እንዳይሉ ይከለክላል። በአን-ኒሳእ 11ኛው አንቀጽ ደግሞ ውርስ የሚከፋፈለው ኑዛዜና ዕዳ ከተፈጸመ በኋላ እንደሆነ ይደነግጋል። ያልተከፈለ ደመወዝ ዕዳ ነው። አባት የተዉት ሱቅ ላይ የሰው ሐቅ ካለበት፣ ያ ክፍል የወራሾች አይደለም።

“የቆየ ነገር መቀስቀስ ጠብ ያመጣል” የሚሉ ወገኖች አሉ። ስጋታቸው ይገባናል፤ የሚታወሰው ሁሉ ዕዳ አይደለም፤ ያለ ማስረጃ የሚነሳ ክስም ቤተሰብ ያፈርሳል። በፍርድ ቤትም የይርጋ ጊዜ አለ። አላህ ዘንድ ግን የሰው ሐቅ በይርጋ አይታገድም። እርግጠኛ ባልሆነው ላይ ሽማግሌ አስቀምጦ መስማማት፣ “ሐቅህን ዐፍው በለን” ብሎ መጠየቅም ይቻላል። ሠራተኛው ይቅር ሊል ይችላል፤ ይቅር እንዲል ግን መጠየቅ አለበት።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ዋሻ ውስጥ ከተዘጋባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ አሠሪ ነበር። ሠራተኛው ደሞዙን ሳይወስድ ቢሄድበት፣ ያንን ደሞዝ አርብቶ ከብዙ ሀብት አደረሰው። ሠራተኛው ከዘመናት በኋላ ሲመጣ ሁሉንም አስረከበው፤ ሰውየው የሚቀለድበት መስሎት ነበር። አሠሪው የመጀመሪያዋን ደሞዝ ብቻ ከፍሎ መሸኘት ይችል ነበር። በዚህ ሥራው አላህን ለመነ፤ የዋሻው ድንጋይም ተንሸራተተ።

ስለዚህ በዚህ ረመዳን ትዝታው ሲነሳ ልጆቹም ይቀመጡ። ወራሾች “አባታችን የማን ሐቅ አለባቸው?” ብለው ይጠይቁ። ሽማግሌዎችም ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ይናገሩ። ባለ ሐቁ ሞቶ ከሆነ ለወራሾቹ ይድረስ። ማዕዱ ላይ የሌለውንም እንጠይቅ፤ ያልተጠራው ምናልባት ብዙ የሚገባው ሰው ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ለቀድሞው የሱቅ ሠራተኛ በዚህ ወር ዱቄትና ዘይት መላክ መልካም ነው፤ አላህ ይቀበል። ነገር ግን ሰደቃ የደሞዝ ምትክ አይሆንም። በእጃችን ያለው የእርሱ ገንዘብ ከሆነ፣ የሰጠነው ከራሱ ነው።