የተፈገፈገው ብር

ባለፈው ሰሞን ቦሌ መንገድ ዳር ካለ አንድ የጌጣጌጥ ሱቅ የዳግማዊ ምኒልክን ብር ገዛሁ። ከምሳዬ የቆጠብሁት የሁለት ወር ገንዘብ ነበር። ብሩ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ባለሱቁም «ልጄ፥ እንዲህ ያለ ንጹሕ አታገኝም» ብለው አሞገሱልኝ። ገርጂ ቤቴ ገብቼ በፀሐይ ሳየው ግን የአንበሳው ጎፈር ጠፍቷል፤ በንጉሠ ነገሥቱ ጉንጭ ላይም የአሸዋ ጭረት ይታያል። ተፈግፍጓል።

ባለሱቁን ልከስ አልተነሣሁም፤ ሰውየው ያቀረቡልን እኛው የምንሻውን ነው። በግቢያችን አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስቡ ጓደኞች በርክተዋል፤ ዋጋውን የምንገምተው ግን በሚዛንና በማብረቅረቁ ነው። ሚዛንማ የአንጥረኛ ጉዳይ ነው። 28 ግራም የሚመዝነው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ስንቱ ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆኗል! አያቶቻችን እንኳ ጠገራ ሲቀበሉ በንግሥቲቱ የደረት ጌጥ ላይ ያሉትን ዘጠኝ ዕንቁዎች ይቆጥሩ ነበር።

ዓመቱም ያታልላል። በጠገራው ላይ ያለው 1780 በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፥ ያው ዓመት ሳይለወጥ እስከ ቅርብ ጊዜ ታትሟል። 1936 ዓ.ም. የሚሉት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞችም እንዲሁ ለብዙ ዓመታት ታትመዋል። ከእነዚህ ውስጥ 25 ሳንቲሙ በመጀመሪያ ክብ ነበረ፤ ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር ስለ ተምታታ ጠርዙ እንደ አበባ ተቀረጸ። አንድ ጓደኛዬ ይህን ጠርዝ ጉድለት መስሎት ሊጥለው ምንም አልቀረው።

አብዝቶ የሚያሳስበኝ የአክሱም ገንዘብ ነው። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ዓመት ጀምረው በወርቅ፥ በብርና በነሐስ አሳትመዋል፤ በአንዳንዱ የብርና የነሐስ ገንዘብ ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ስስ ወርቅ ተለብጧል። ይህን በሎሚና በአመድ የሚያሽ ሰው ወርቁን ከእድፉ ጋር አጥቦ ይደፋዋል። በኢዛና ገንዘብ ላይ ጨረቃው ወጥቶ መስቀሉ ሲገባ የምናየውም ምስሉ ካልጠፋ ነው።

«እኔ ካልገዛሁት ባዕድ ገዝቶ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያወጣዋል» የሚል ክርክር በየሻይ ቤቱ እሰማለሁ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ቆፋሪውን የሚያሰማራው የገዥው ገንዘብ ነው፤ ገዥው የመገናኛ ልጅ ቢሆን የሮማ ሰው ጕድጓዱ አንድ ነው። ከየትኛው መቃብር፥ ከምን ዕቃ ጋር እንደ ወጣ ካልታወቀ ደግሞ ገንዘቡ ግማሽ ታሪኩን አጥቷል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያገኘ ሰው ለመንግሥት እንዲያሳውቅ፥ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳያወጣ ያዛል። ስለዚህ የአክሱሙን እንተው እላለሁ፤ ማየት ለፈለገ የአምስት ኪሎው ብሔራዊ ሙዚየም ሩቅ አይደለም። የምኒልክ ብርና የ1936ቱ ሳንቲም ለተማሪ ኪስ ይበቃሉ።

የእኔን ብር መልሼ አልሸጥሁትም። ለሌላ ሰው «ንጹሕ ነው» ብዬ ማቅረብ ከበደኝ። በወረቀት ጠቅልዬ «የተፈገፈገ፤ ከቦሌ የተገዛ» ብዬ ከነቀኑና ከነዋጋው ጻፍሁበት።