የሚያስታምሙ ልጆች በየትኛው መዝገብ ይጻፉ?



ስለ ትምህርት ማቋረጥ በየጊዜው ብዙ ይጻፋል፤ ብዙም ይነገራል። ምክንያቱ ሲዘረዘር ድህነት፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ የትምህርት ቤት ርቀት፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ጦርነትና የጸጥታ መጓደል ይጠቀሳል። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ምክንያት በየቤቱ እየታየ ከመዝገብ ሳይገባ ቀርቷል፤ ይኸውም የታመመ ወላጁን ወይም ያረጀች አያቱን የሚያስታምም ልጅ ጉዳይ ነው። በዚህ ላይ ያለኝን አሳብ ለአንባቢዎች እንዲያደርሱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ ዛሬ በደብረ ታቦር ከተማ በጽሕፈት ሥራ የምተዳደር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ቀድሞ ግን በጉና ተራራ ግርጌ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርሁ። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣና ሌላውን ቀን ትቀር ነበር። ስትመጣም ታንቀላፋለች። ሁለት ጊዜ ገሠጽኋት፤ በሦስተኛው ከክፍል አስወጣኋት፤ በመጨረሻም በስሟ ትይዩ «አቋርጣለች» ብዬ ጻፍሁ። በዓመቱ በገበያ ቀን እናቷን በበትር እየመራች አገኘኋት። የእናቲቱ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል። ውሃ የምትቀዳው፣ ኩበት የምትለቅመው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ታናሽ ወንድሟን የምታበላው እርሷ ኖራለች። በመዝገቡ ላይ የጻፍሁት ቃል ሐሰት አልነበረም፤ ግን ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ጥፋቱ የልጅቱ ሳይሆን የእኔ ነበር።

ደቡብ ጎንደር ለረጅም ዘመን ትራኮማ እጅግ ከጸናባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ኖሯል። በሽታው በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል፤ ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ውስጡ ጠባሳ ያወጣና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቃል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል፤ ሕፃናትን የሚያቅፉ እነርሱ ናቸውና። ቆቡን የማስተካከሉ ቀዶ ሕክምና በሠለጠነ ባለሙያ በጤና ጣቢያ ሊሠራ የሚችል አጭር ሥራ ነው። የጠፋውን ብርሃን ባይመልስም የቀረውን ለማዳን ይረዳል። እናቲቱ በጊዜው ታክማ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ልጅቱ መሪ ባልሆነች ነበር። ስለዚህ ለልጅ የሚደረገው እርዳታ ወላጅን ከማከም ይጀምራል ለማለት እደፍራለሁ።

«ልጅ ጧሪ ነው፤ ወላጁን ቢረዳ ምን ነውር አለው?» የሚሉ ይኖራሉ። ነውር የለውም፤ እንዲያውም ያስመርቃል። ነገር ግን ጧሪ የሚባለው ራሱን የቻለ ሰው ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ደብተሩን የጣለ ልጅ በሠላሳ ዓመቱ ምን ይዞ ይጦራል? በ1987 ዓ. ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን ከሚጎዳ ሥራ የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሥራው በገዛ ቤት ውስጥ ስለሆነ ብቻ ጉዳቱ ጉዳት መሆኑ አይቀርም።

አዲስ መሥሪያ ቤት ይቋቋም አልልም፤ ያለው እርስ በርሱ ይያያዝ ነው የምለው። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከ1995 ዓ. ም. ጀምሮ የተዘረጋው ቤት ለቤት እየዞረ ሕዝቡን እንዲያገለግል ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድን በ2003 ዓ. ም. ሲሞከር የእኛው ፎገራ ወረዳ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር፤ አሠራሩም መክፈል ለማይችሉ ድኆች መዋጮው እንዲሸፈን ያስባል። በ1997 ዓ. ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብርም ጋይንትን፣ ስማዳንና እብናትን በመሰሉ ወረዳዎች ሲገባ፣ ለሥራ የሚሆን ጉልበት ለሌላቸው ቤተ ሰቦች ቀጥተኛ ድጋፍ መስጠትን ጨምሮ ነው። ሆኖም አስተማሪው የሚያውቀውን ቀበሌው አይሰማም፤ የጤና ሠራተኛዋ የምታየውን አስተማሪው አያውቅም።

በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 የወጡ ሕጎች አስታማሚ ልጆች የሚያስፈልጋቸው እርዳታ እንዲጠና አዘዋል። እንዲያም ሆኖ ጥያቄው በትምህርት ቤቶች ቆጠራ ውስጥ የገባው በ2023 ነው። ሀብታሙ አገር እንኳ መቁጠር የጀመረው በቅርቡ ነው። ለመቁጠር ግን ሀብት አያሻም፤ በመዝገብ ላይ አንድ ዓምድ ማስመር ይበቃል።

ስለዚህ በምዝገባ ጊዜ «በቤት የምታስታምመው ሰው አለ ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ። የሚቀር ተማሪ ስሙ ከመሰረዙ በፊት ቤቱ ይጎብኝ። የአስታማሚው ልጅ ስም ከትምህርት ቤቱ ወደ ጤና ኬላውና ወደ ቀበሌው ይተላለፍ። ያመለጠው ፈተናም በሌላ ቀን ይሰጠው።

ለእኛ ለደመወዝተኞችም አንድ ቃል ልጨምር። ከገጠር የዘመድ ልጅ አስመጥተን «እያስተማርኋት ነው» እያልን ያረጁ እናታችንን ወይም አባታችንን የምናስጠብቅ እንኖራለን። ልጅቱ ብታግዝ ክፉ አይደለም፤ የትምህርቷን ሰዓት ግን ተረኛ ሰው መድበን እንጠብቅላት። አስተማሪዋ «ለምን ቀረሽ?» ብሎ ቢጠይቃት መልሱ የእኛ ቤት እንዳይሆን፣ ከወዲሁ እናስብበት እያልሁ አሳስባለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከደብረ ታቦር