የቤተሰብ ማዕዘን፦ የፎቶግራፉ ጀርባ



የዛሬው ጨዋታችን ስለ ጉዞና ስለ ፎቶግራፍ ነው። በጉዞ ረገድ እናንተን ለማስተማር የሚቃጣ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። ምጣዷን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ሰፌዷንና ምድጃዋን በገመድ ጠፍራ፣ ሕፃኗን አቅፋ በኦራል ላይ ከአንዱ ምድብ ቦታ ወደ ሌላው ያልተጓዘች የወታደር ሚስት በዚህ ጦር ሰፈር ብትፈለግ አትበዛም። የበኩር ልጁ ጎዴ፣ ተከታዩ ሐረር፣ ሦስተኛው ደብረ ብርሃን የተወለደ ቤተሰብ አውቃለሁ። ይሁንና ጓዛችንን ቆጥረን የምንጭንና ቆጥረን የምናወርድ ሰዎች፣ ትዝታችንን ግን ሳንቆጥር ጭነን በየመንገዱ ስናንጠባጥበው መኖራችን አይካድም። ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ቤትም መኪናም የሆነ ተሽከርካሪ አለ። አልጋው፣ ማብሰያው፣ የውሃ መያዣው ሁሉ በውስጡ ተሰናድቶ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው ለሳምንታትና ለወራት ይጓዙበታል። በየደረሱበት ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ ሲመለሱም ዘመድ ወዳጅ ሰብስበው ሥዕሉን እያሳዩ ያዩትን ያወጋሉ። ነገሩ ከሩቅ ሲታይ የባለጸጋ መዝናኛ ይመስላል። መኪናቸውን ቤት አድርገው የኖሩ የሁለት ቤተሰቦችን ታሪክ ስናጤን ግን ለእኛ ኑሮ የሚቀርብ ቁም ነገር እናገኝበታለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ጀርመናዊው ጉንተር ሆልቶርፍ ነው። የአየር መንገድ ኃላፊ የነበረው ይህ ሰው በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ ሥራውን ትቶ አፍሪካን በ18 ወራት ለማየት ተነሣ። የያዘው በናፍጣ የሚሠራ፣ 88 የፈረስ ጉልበት ያለው መርሴዲስ ሲሆን “ኦቶ” ብሎ ሰየመው። የኋላ መቀመጫውን አንሥቶ ፍራሽ ዘረጋበት። በ1990 ክሪስቲን የምትባል ሴት የጉዞው ተካፋይ ሆነች። ከሆቴል ይልቅ መኪናቸው ውስጥ እያደሩ፣ የሚበሉትን ራሳቸው እያበሰሉ አገር ላገር ዞሩ። አሥራ ስምንት ወር የተባለው ጉዞም 26 ዓመት ያህል ፈጀ። በ2014 በርሊን ላይ ሲያበቃ ኦቶ ወደ 900,000 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነበር። የምድር ወገብ ዙሪያ 40,075 ኪሎ ሜትር ነውና፣ ይህ ዓለምን ከ22 ጊዜ በላይ እንደ መዞር ይቆጠራል።

ክሪስቲን ግን የጉዞውን ፍጻሜ አላየችም። በ2003 በካንሰር መያዟ ታወቀ፤ በ2010 ዐረፈች። ከማረፏ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ጋብቻቸውን ፈጽመው ነበር። ጉዞውን እንዳያቋርጥ ጠይቃው ስለ ነበር፣ ሆልቶርፍ ፎቶግራፏን በመኪናው ውስጥ ከፊቱ ሰቅሎ መንገዱን ቀጠለ። እርሱም በ2021 ዐረፈ፤ መኪናው ሽቱትጋርት ከተማ ወደሚገኘው የመርሴዲስ ቤተ መዘክር ገብቷል።

ያ ፎቶግራፍ ለማያውቃት ሰው የአንዲት ሴት መልክ ነው። ለባሏ ግን አብረው ያቋረጡት በረሃ፣ አብረው የቀየሩት ጎማ፣ አብረው የጠጡት ሻይ ነበር። ከኋላው ምንም ባይጻፍበት እንኳ ጽሑፉ በባለቤቱ ልብ ውስጥ ስላለ አይቸገርም። ሃያ ዓመት ያህል በአንዲት ጠባብ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱን መንገድ በአንድ መስኮት ተመልክተዋልና።

ሁለተኛው የአርጀንቲናውያኑ የሄርማንና የካንደላሪያ ዛፕ ቤተሰብ ነው። ባልና ሚስቱ በጃንዋሪ 2000 በ1928 በተሠራች ግራሃም ፔጅ መኪና ከቦነስ አይረስ ወደ አላስካ ጉዞ ጀመሩ። ዕቅዳቸው ስድስት ወር ነበር፤ ለአገራቸው የበቁት ግን በማርች 2022፣ 102 አገሮችን አይተውና 362,000 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ነው። በዚህ መካከል አራት ልጆች ወለዱ፤ አንዱ በአሜሪካ፣ አንዱ በአርጀንቲና፣ አንዷ በካናዳ፣ አንዱ በአውስትራሊያ ተወለዱ። ቤተሰቡ ሲበዛ መኪናዋን ቆርጠው አስረዘሟት። ስንቅ ሲያልቅ ሚስት ሥዕል ትሥላለች፣ ባል ክፈፍ ያበጅለታል፤ የጉዟቸውንም ታሪክ በመጽሐፍ ጽፈው በየደረሱበት እየሸጡ መንገዳቸውን ቀጥለዋል።

እንግዲህ በየአገሩ ልጅ መውለድ የዛፕ ቤተሰብ ብቻ ዕጣ አይደለም፤ የእኛም ነው። ልዩነቱ የእነርሱ ልጆች የተወለዱበትን መንገድ የሚያነቡበት መጽሐፍ ያላቸው መሆኑ ነው። የእኛዎቹስ? የወታደር ቤተሰብ እንደ ሆልቶርፍና እንደ ክሪስቲን ዘወትር በአንድ መስኮት ለማየት አይታደልም። ባል ግዳጅ ላይ ሆኖ የሚያየው ሌላ ነው፤ ሚስት በሰፈር ውስጥ የምታየው ሌላ ነው። ስለዚህ በእኛ ቤት ትዝታ በራሱ የጋራ አይሆንም፤ እኛው ልናካፍለው ይገባናል።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም። እኔ ራሴ የወታደር ልጅ ነኝ። አባቴ ትቶልኝ ካለፈው ጥቂት ነገር አንዱ የእጅ መዳፍ የምታክል ፎቶግራፍ ናት። ሦስት ወጣት ወታደሮች በአንድ ከባድ መኪና አጠገብ ቆመዋል። መካከለኛው አባቴ ነው፤ ይሥቃል። በሌላ ሥዕል ሲሥቅ አይቼው አላውቅም። በግራው ያለው ወጣት እጁን በአባቴ ትከሻ ላይ ጣል አድርጓል። ጀርባዋን ብትገለብጧት የደበዘዘ የፎቶ ቤት ማኅተም እንጂ አንዲት ፊደል የለባትም። አባቴ በሕይወት ሳለ አልጠየቅሁትም፤ ልጅ ነበርሁ። በኋላ እናቴን ብጠይቃት ብዙ ስታስብ ቆይታ፣ “ጓደኞቹ ናቸው ልጄ፤ ስማቸውን ግን አላወቅሁም፤ እርሱም አልነገረኝም” አለችኝ። ያ በአባቴ ትከሻ ላይ ያረፈው እጅ ከሞት ያወጣው ሰው እጅ ይሁን፣ ወይስ ለአንድ ቀን ያህል አብሮት የተጓዘ ሰው እጅ፣ የሚነግረኝ የለም።

ከጥቂት ወራት በፊት የአንድ አሥር አለቃ ባለቤት ወደ ቢሮዬ መጣች። ባሏ ከአንድ ዓመት በላይ ግዳጅ ላይ ነበር። ልጃቸው የተወለደችው እርሱ ከሄደ በኋላ ሲሆን፣ ያደገችውን ዕድገት ሁሉ እናቲቱ በስልኳ እያነሣች ትልክለት ነበር። ስልኳ ውሃ ውስጥ ወደቀ። “መቶ አለቃ፣ መገናኛ ክፍል ያሉት ልጆች ሥዕሉን ሊያወጡልኝ አይችሉም?” አለችኝ። ተሞከረ፤ አልተቻለም። ባሏም ዘንድ አልተረፈም፤ የእርሱ ስልክ አሮጌ ስለ ነበር አንዱ ሲገባ ሌላውን እያጠፋ ነበር የሚያየው።

“እኅቴ፣ የምታስታውሺውን በወረቀት ጻፊው” አልኋት። እውነቱን ለመናገር፣ ያልሁት ሌላ የምላት ስላጣሁ ነበር። እርሷ ግን በሦስተኛው ቀን በደብተር ወረቀት ላይ አሥራ አንድ ሥዕሎችን በቁጥር ጽፋ መጣች። በፈቃዷ ሦስቱን እነሆ፦

“አንደኛ ሥዕል። የተወለደች ዕለት ነው። በጋቢህ ተጠቅልላለች። አንድ ዐይኗን ብቻ ገልጣለች። ከጎን የሚታየው እጅ የጎረቤታችን ነው፤ ገንፎ ይዛልኝ መጥታ ነው።”

“አምስተኛ ሥዕል። ልጅቷ መሬት ላይ ከድስት አጠገብ ተቀምጣ ትሥቃለች። ጣራው ያፈስ ስለ ነበር ድስቱን ከሥር አኑሬው ነው። የምትሥቀው ጠብታው በድስቱ ውስጥ ሲጮኽ ነው።”

“አሥራ አንደኛ ሥዕል። የቆመች ዕለት ነው። ሥዕሉ የደበዘዘው እጄ ስለ ተንቀጠቀጠ ነው።”

ወረቀቱ ስንቅ ከሚያደርስ መኪና ጋር ተላከ። ከአንድ ወር በኋላ መልስ መጣ። አሥር አለቃው ለእያንዳንዱ ቁጥር፣ ሥዕሉ የደረሰው የት ሆኖ እንደ ነበር ጽፏል። በአምስተኛው ላይ የሰፈረው እንዲህ ይላል፦ “ይህ የደረሰኝ ከጥበቃ ወርጄ ነው። ለጓደኞቼ ሁሉ አሳየኋቸው፤ እኛም ሣቅን። ጣራው እንደሚያፈስ ግን አልነገርሽኝም ነበር። ድስቱ ለምን መሬት ላይ እንደ ተቀመጠ ዛሬ ገባኝ።” ከዚህ በታች ሰፈር ለቀሩት ጓደኞቹ አንዲት መልእክት ጨምሯል። ጣራው በዚያው ሳምንት ተጠገነ።

አስተውሉ። ባልየው ያንን ሥዕል አይቶታል፤ ወዶታል፤ ለሰው አሳይቶታል። ነገር ግን ያየው ሣቋን እንጂ ጣራውን አልነበረም። ፎቶግራፉ ከቦታ ቦታ ሲደርስ ያልደረሰውን ነገር፣ ፎቶግራፉ ከጠፋ በኋላ የእናቲቱ እርሳስ አደረሰው። ሥዕል መልክን ያስቀራል፤ ምክንያቱን የሚያስቀረው ግን ቃል ነው።

ስለዚህ ለየቤታችሁ የሚከተሉትን አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ ከስልካችሁ ውስጥ በየዓመቱ ጥቂት ሥዕሎችን መርጣችሁ በፎቶ ቤት አሳትሙ። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ውሃ ይገባዋል። አሥር የታተሙ ሥዕሎች አንድ ሺህ ከጠፉ ሥዕሎች ይበልጣሉ።

ሁለተኛ፤ በጀርባው ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የሰዎቹን ስም ከግራ ወደ ቀኝ ጻፉ። ለስላሳ እርሳስ ተጠቀሙ፤ ጠርዝ ጠርዙን ይዛችሁ ሳትጫኑ ጻፉ። እስክሪብቶ ወደ ፊት ለፊቱ ይታተማል፤ ቀለሙም ሊተላለፍ ይችላል። ወረቀቱ እርሳስ የማይቀበል ከሆነ በሌላ ብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አኑሩት። ሥዕሉን ከምድጃ ጢስ፣ ከፀሐይና ከርጥበት አርቁ፤ በፕላስተር አታጣብቁት።

ሦስተኛ፤ ከስምና ከቀን በተጨማሪ በሥዕሉ ውስጥ የማይታየውን አንድ ነገር ጨምሩበት። ማን አነሣው? ከመነሣቱ በፊት ምን ተባለ? ጣራው ያፈስ ነበርን? ባል ከግዳጅ ሲመለስ ደግሞ በዚያው ቀን እርሱ የነበረበትን፣ መናገር የተፈቀደለትን ያህል፣ ከሥሩ ይጻፍ። አንድ ቀን በሁለት እጅ ሲጻፍ ልጁ ሙሉ ታሪክ ያገኛል።

አራተኛ፤ ነገሩ በወታደር ቤት ነውና ጥንቃቄ አይለየው። የጥበቃ ቦታን፣ የጦር መሣሪያን፣ የተሽከርካሪ ሰልፍን አታንሡ። ስልክ የሚያነሣው ሥዕል የተነሣበትን ቦታ በውስጡ ደብቆ ሊይዝ እንደሚችል እወቁ። በ2007 ኢራቅ ውስጥ የአሜሪካ ወታደሮች ወደ ሰፈራቸው የደረሱ አዳዲስ ሄሊኮፕተሮችን አንሥተው ሥዕሉን በኢንተርኔት አሠራጩ፤ ጠላትም በሥዕሉ ውስጥ በተያዘው የቦታ መረጃ ተመርቶ በሞርታር አራት አፓች ሄሊኮፕተሮችን እንዳወደመ የአገሪቱ ሠራዊት ራሱ ገልጿል። ለቤተሰብ የተነሣ ሥዕል በቤተሰብ እጅ ይቅር።

አምስተኛና የመጨረሻው፤ ሽማግሌዎቻችሁን ዛሬ ጠይቁ። አባትና እናት ያሏችሁ፣ አሮጌውን የፎቶግራፍ ቆርቆሮ አውርዳችሁ “ይህ ማነው? የት ነው?” በሉ። ይህ ጥያቄ ሊጠየቅ የሚችልበት ጊዜ ያልቃል።

በመጪው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በጦር ሰፈሩ ክበብ ሻይ ይዘን እንሰበሰባለን። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ፎቶግራፍና አንድ እርሳስ ይዞ ይምጣ። ታሪኩን የሚያወጋ ያውጋ፤ መናገር የሚከብደው ይጻፍ። ፎቶግራፍ የሌለው ባዶ ወረቀት ይዞ ይምጣ፤ የአሥር አለቃው ባለቤት አጻጻፉን ታሳያለች።

እኔም የአባቴን ፎቶግራፍ ይዤ እመጣለሁ። በጀርባዋ ላይ የማውቀውን ያህል በእርሳስ ጽፌባታለሁ፦ “መካከለኛው አባቴ ነው። በዚያን ቀን ይሥቅ ነበር።” ከግራና ከቀኝ ላሉት ሁለት ሰዎች የስም ቦታ ትቻለሁ። ከነባር አባሎቻችን መካከል ምናልባት የሚያውቃቸው አይጠፋም።

ቸር ያገናኘን።