የእንጦጦ ጥንታዊ ፍርስራሽ የጉብኝት መስመር፦ ከመንገድ ሥራው በፊት ሊወሰኑ የሚገባቸው ጉዳዮች

አዲስ አበባን በስተሰሜን የሚያዋስነው የእንጦጦ ተራራ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ያለው ስፍራ ከፍተኛ መሆኑ ይታወቃል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ወደ ፊንፊኔ ሜዳ ከመውረዳቸው በፊት የከተሙበት፣ በ1882 ዓ.ም ዘውድ የደፉበት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም የሚገኝበት ተራራ ነው። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም መስከረም ወር ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ወዲህ ደግሞ ተራራው የመዲናዋ ነዋሪዎችና እንግዶች ከሚያዘወትሯቸው ስፍራዎች አንዱ ሆኗል።

ይሁን እንጂ በዚሁ ተራራ ጀርባ ላይ፣ በእንጦጦ ማርያምና በየካ ዋሻ ሚካኤል መካከል፣ ከምኒልክ ዘመን በብዙ የሚቀድም የድንጋይ ፍርስራሽ መኖሩን የሚያውቀው ጎብኚ ጥቂት ነው። ፍርስራሹ ለጎብኚ በሚገባ ይከፈት ከተባለ በቅድሚያ መልስ ማግኘት ያለበት ጥያቄ ጎብኚው በየት በኩል ይግባ፣ በየት በኩል ይለፍ፣ በየት በኩል ይውጣ የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የቅርሱን ህልውና፣ የአካባቢውን ነዋሪ ጥቅምና የሁለት አስተዳደሮችን የሥራ ግንኙነት የሚወስን ነው።

ስለ ስፍራው የወጡ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ፍርስራሹ ወደ 30 ሄክታር በሚጠጋ መሬት ላይ ያረፈ ሲሆን፣ ባለ 12 ማማ ምሽግና በአጠቃላይ 520 ሜትር ርዝመት ያለው የድንጋይ ቅጥር ይገኝበታል። የቅጥሩ ከፍታ በአንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ምሽጉ አምስት ማዕዘን ስላለው ተመራማሪዎች ፔንታጎን የሚል ስም ሰጥተውታል። በስተምሥራቅ የሚያዋስነው የዋሻ ሚካኤል ውቅር ቤተ ክርስቲያንም ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለ፣ ጣሪያው ዛሬ የሌለ ጥንታዊ ቅርስ ነው።

ፍርስራሹ የምሁራንን ትኩረት የሳበው ባራራ ከተባለችው የመካከለኛው ዘመን ከተማ ጋር ሊኖረው በሚችለው ግንኙነት ነው። የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ባዘጋጀው የዓለም ካርታ ላይ ባራራ የነገሥታቱ መናገሻ ሆና ተመልክታለች። የኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂምን ዘመቻ የመዘገበው አረብ ፋቂህም በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስለነበረችው ስለዚህች ከተማ ጽፏል። ሃርትዊግ ብሬተርኒዝና ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት በወጨጫ ተራሮችና በየረር ተራራ መካከል ያሉ ጥንታዊ የሰፈራ ቦታዎችን በመዳሰስ የባራራን ጉዳይ መርምረዋል። የእንጦጦው ፍርስራሽ ባራራ ራሷ ናት የሚለው ሐሳብ ግን ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ እንጂ የተዘጋ ጉዳይ አይደለም። ይህም ለጉብኝት መስመሩ የራሱ ትርጉም አለው። ቁፋሮና ሙሉ ጥናት ባልተካሄደበት ስፍራ መንገድ መቅደድ ማለት ጥያቄውን ሊመልስ የሚችለውን ማስረጃ ከመነበቡ በፊት መርገጥ ማለት ነውና።

የጉብኝት መስመር የእግር መንገድ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። መስመሩ የት ቦታ መኪና እንደሚቆም፣ የት ቦታ ሻይ እንደሚፈላ፣ የት ቦታ ሽንት ቤት እንደሚቆፈር፣ የዝናብ ውኃ በየት በኩል እንደሚወርድ አብሮ ይወስናል። የእንጦጦ ጀርባ የአዋሽና የአባይ ተፋሰሶች የሚለያዩበት ከፍታ በመሆኑ ወደ ደቡብም ሆነ ወደ ሰሜን የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ብርቱ ነው። በቁልቁለት ላይ ያለ በቂ የውኃ መውረጃ የተቀደደ የእግር መንገድ በጥቂት ክረምቶች ውስጥ ቦይ መሆኑ፣ ቦዩም የቅጥሩን መሠረት ሊያጋልጥ መቻሉ ለመንገድና ለአፈር ጥበቃ ባለሙያዎች አዲስ ነገር አይደለም።

ከዚህ አኳያ የሌሎች አገሮች ተሞክሮ ጠቃሚ ነው። በፔሩ ተራሮች ላይ የሚገኘው የማቹ ፒቹ ፍርስራሽ እ.ኤ.አ. በ1983 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ የጎብኚው ቁጥር እየበዛ በመሄዱ መንግሥት ጎብኚውን በተወሰነ መስመር ማስተናገድ ግድ ሆኖበታል። እ.ኤ.አ. ከሰኔ ወር 2024 ጀምሮ ስፍራው በ3 ዋና ዑደቶች ሥር በተደለደሉ 10 መስመሮች ይጎበኛል። የቀን ጎብኚ ቁጥርም በመደበኛ ቀናት 4 ሺህ 500፣ በተወሰኑ ቀናት ደግሞ እስከ 5 ሺህ 600 እንዲሆን ተወስኗል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት መስመሮቹን መቅዳት አይደለም። ገደቡ የመጣው ሕዝቡ ከለመደ በኋላ በመሆኑ ሥራውን ከባድ አድርጎታል፤ እንጦጦ ላይ ግን ጎርፉ ገና ስላልመጣ ሥርዓቱን በአነስተኛ ወጪ ከወዲሁ ማበጀት ይቻላል።

ወደ ፍርስራሹ ለመድረስ በመርህ ደረጃ ሦስት አማራጮች አሉ። የመጀመሪያው ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ በሚወጣው መንገድ እንጦጦ ማርያም ደርሶ ከዚያ በተራራው ጀርባ ላይ ወደ ምሥራቅ መሄድ ነው። ሁለተኛው የጎጃምን መንገድ ይዞ ተራራውን በመሻገር ከሱሉልታ ወገን፣ ማለትም ከሰሜን መውጣት ነው። ሦስተኛው በየካ በኩል ከዋሻ ሚካኤል ተነስቶ ወደ ምዕራብ መጓዝ ነው።

የመጀመሪያው አማራጭ ጥቅሙ ግልጽ ነው። የመኪና መንገድና ማቆሚያ፣ ቤተ መዘክርና የጎብኚ አገልግሎት በአካባቢው ስላለ አዲስ ግንባታ አይጠይቅም። ጉዳቱ ደግሞ በቀላሉ የሚደረስበት መሆኑ ነው። የመኪና መንገዱ ጥቂት በጥቂት ወደ ፍርስራሹ እንዲራዘም የሚቀርበው ግፊት ከዚህ አቅጣጫ የበረታ ይሆናል። ሁለተኛው አማራጭ ለሱሉልታ ነዋሪ የገቢ ምንጭ ሊከፍትና ጎብኚውን ለሁለት ሊያካፍል ይችላል። ሆኖም ማቆሚያም ሆነ መጸዳጃ እንደ አዲስ ሊገነባ የሚችለው በዚህ ወገን ስለሆነ ቦታው ከመመረጡ በፊት የቅርሱ ወሰን መታወቅ ይኖርበታል። ሦስተኛው አማራጭ ለታሪክ ትረካው የተሻለ ነው፤ ጎብኚው ከውቅሩ ቤተ ክርስቲያን ወደ ምሽጉ፣ ከምሽጉም ወደ ምኒልክ ዘመን በቅደም ተከተል ይጓዛልና። በአንጻሩ ዋሻ ሚካኤል ራሱ ጥበቃ የሚሻ ስፍራ በመሆኑ የብዙ ሰው መነሻ ሊሆን አይገባም።

እነዚህ ነጥቦች ከግምት ውስጥ ሲገቡ አግባብ የሚሆነው ከሦስቱ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል ሳይሆን ለእያንዳንዱ ተገቢውን ድርሻ መስጠት ነው። መኪና እንጦጦ ማርያም ላይ ይቁም፤ ከዚያ ወዲያ ጉዞው በእግርና በአስጎብኚ ብቻ ይሁን። መስመሩ ከቅጥሩ ውጭ ርቀቱን ጠብቆ ምሽጉን የሚዞር እንጂ በመካከሉ የሚያቋርጥ አይሁን። የምሽጉ ውስጠኛ ክፍል ለወደፊት ጥናት ይጠበቅ፤ ጎብኚው ቅጥሩንና ማማዎቹን ከፍ ካለ ቦታ እንዲመለከት የእይታ ስፍራ ይዘጋጅለት። ዋሻ ሚካኤል ቁጥራቸው ለተወሰኑ ቡድኖች መዳረሻ ይሁን። የሱሉልታው በር ደግሞ ወሰኑ ከተለየ በኋላ በሁለተኛ ምዕራፍ ይከፈት።

ቡራዩና ሰበታ ከዚህ እቅድ ውጭ መሆን የለባቸውም። ይህ ሲባል ግን ሁሉንም ወደ እንጦጦ መሳብ ማለት አይደለም። ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ የሚገኙ ሲሆን የሁለቱም አለኝታ ወጨጫ ተራራ ነው። በተራራው ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ጽዱ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለ የሚነገርለት፣ በአፍሪካ ቀደምት ከሚባሉት ጥብቅ ደኖች አንዱ ነው። ከሰበታ አቅራቢያ ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ደግሞ በ2016 ዓ.ም ሐምሌ ወር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የመልካ ቁንጡሬና ባልጪት ስፍራ፣ የአዳዲ ማርያም ውቅር ቤተ ክርስቲያንና የጢያ ትክል ድንጋዮች በአንድ አቅጣጫ ይገኛሉ። ስለሆነም በስተሰሜን የእንጦጦ መስመር፣ በስተምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የወጨጫና የመልካ ቁንጡሬ መስመር ተደርጎ ቢታቀድ ከተሞቹ ለአንድ ጎብኚ ከመሻማት ይልቅ ለተጨማሪ ቀናት ቆይታ የሚያበቁ ይሆናሉ።

አፈጻጸሙን የሚያወሳስበው የአስተዳደር ጉዳይ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም በተዋቀረው የሸገር ከተማ ሥር የሚገኙ ሲሆን፣ የእንጦጦ ደቡባዊ ገጽ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ውስጥ ነው። ቅርስ ግን የአስተዳደር ወሰን አያውቅም። በአንዱ ወገን የተከለከለ ግንባታ በሌላው ወገን ከተፈቀደ፣ ወይም በአንዱ በር ትኬት ተቆርጦ በሌላው በር በነጻ ከተገባ ሥርዓቱ ይፈርሳል። በመሆኑም ሁለቱ አስተዳደሮችና የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የሚወከሉበት፣ አንድ የጎብኚ ደንብና አንድ የገቢ ክፍፍል ቀመር የሚያወጣ የጋራ አካል ከመንገድ ሥራው በፊት ሊቋቋም ይገባል።

የሕግ መሠረቱ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅን በሚመለከት የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ያለ ፈቃድ እንዳይካሄድ ይደነግጋል። ለመንገድና ለግንባታ በሚደረግ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰውም ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅና ቅርሱን እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ይሁንና አዋጁ በሥራ ላይ የሚውለው የቅርሱ ወሰን በካርታ ተለይቶ በወረዳና በመሬት ጽሕፈት ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ሲገኝ ነው። የመሬት ባለሙያው የቅርሱን ወሰን የሚያሳይ ካርታ በእጁ ከሌለው በቅን ልቦና የሚሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ቅርሱን ሊያጠፋ ይችላል። ከሁሉ የሚቀድመው ሥራም ይኸው የወሰን ልየታ ነው።

ጥናትና ወሰን እስኪጠናቀቅ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው የሚል አስተያየት ሊነሳ ይችላል። አስተያየቱ ከእውነት የራቀ አይደለም። ጠባቂና ባለቤት የሌለው ፍርስራሽ ለቤት መሥሪያና ለአጥር ድንጋይ መልቀሚያ ይሆናል፤ የባሕር ዛፍ ሥርም ዓመት እየጠበቀ ቅጥሩን ይሰነጥቃል። ጎብኚ መኖሩ በራሱ የጥበቃ ዓይን ነው። ለዚህም ነው ስፍራውን ዘግቶ ከማቆየት ይልቅ በቅጥሩ ዙሪያ በሚሄድ ቀላል፣ ስህተት ሲገኝበት ሊነሳና ሊዛወር በሚችል መስመር መጀመር የሚመረጠው። የእግር መንገድን ማዛወር ይቻላል፤ አስፋልትን ግን ማዛወር አዳጋች ነው፣ የፈረሰ ማማንም ወደ ነበረበት መመለስ አይቻልም።

የአካባቢው ነዋሪም የእቅዱ ተመልካች ሳይሆን ባለቤት መሆን አለበት። ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው በማውረድ የሚተዳደሩ እናቶች ተራራውን ከማንም በላይ ያውቁታል። የመስመሩ ጥበቃ፣ የአስጎብኚነትና የመስተንግዶ ሥራ በቅድሚያ ለእነርሱና ለልጆቻቸው እንዲደርስ በደንቡ ውስጥ በቁጥር ሊቀመጥ ይገባል። በመስመሩ ላይ የሚቆሙ ጽሑፎችም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ ተዘጋጅተው የመካከለኛውን ዘመን ታሪክ፣ የቱለማ ኦሮሞን ትውስታና የምኒልክን ዘመን በእኩል ዓይን ማሳየት አለባቸው። ባራራን በተመለከተም ተመራማሪዎች የሚሉትን እንደ ግምት እንጂ እንደ ብይን ማቅረብ የለባቸውም።

በአጠቃላይ የእንጦጦ ፍርስራሽ የጉብኝት መስመር ሲመረጥ ዋናው መለኪያ ጎብኚውን በአጭር ጊዜ የሚያደርሰው የትኛው ነው የሚለው ሳይሆን፣ ቀጣዩ ትውልድ ሊያጠናው የሚችል ቅርስ የሚያስተርፈው የትኛው ነው የሚለው መሆን ይኖርበታል። የወሰን ካርታው በቅድሚያ፣ የጋራ አስተዳደሩ በሁለተኛ ደረጃ፣ ቀላሉ የእግር መስመር በሦስተኛ ደረጃ ከተፈጸሙ ቅርሱም ነዋሪውም ተጠቃሚ ይሆናሉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ግን መንገዱ ይኖራል፣ የሚታየው ነገር ግን አይኖርም። በመሆኑም በሁለቱ አስተዳደሮች የመሬት፣ የባህልና ቱሪዝም እንዲሁም የመንገድ ዘርፎች ኃላፊነት ላይ ያሉ አካላት በየእቅዶቻቸው ውስጥ ለዚህ ቅደም ተከተል ከወዲሁ ትኩረት ሊሰጡ ይገባል።