ልጄን አደን ወሰድኩት፤ ታዲያስ?

«ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጠመንጃ?» ብለው ማኅበር ላይ ያፋጠጡኝ የሚኒሶታ ወዳጆቼ ክትፎ እየጎረሱ ነበር። በሬው በምርቃት የሞተ መሰላቸው እንዴ?

ልጄ እኮ የጦር መሣሪያ ጥንቃቄ ተምሮ፣ ተፈትኖ ነው የወጣው፤ እ.ኤ.አ. ከ1979 በኋላ የተወለደን አዳኝ የዚህ ግዛት ሕግ ይህን ይጠይቀዋል። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ደማቅ ብርቱካንማ ሰደርያችንን ለብሰን ማማው ላይ ወጣን። (ብርዱ ለጉድ ነው፤ ሻዩ እንኳ ፔርሙስ ውስጥ ቀዘቀዘ።) አጋዘኗ መጣች። አነጣጠረ። ከዚያ አፈሙዙን ዝቅ አደረገው።

«አባዬ፣ ከኋላዋ ያለው አይታየኝም።»

ባዶ እጃችንን ተመለስን። የምትፈሩት ልጅ ይኸው ነው። የእናንተዎቹ ሳሎን ቁጭ ብለው በጌም ዛሬ ስንት ሰው ገደሉ? ከኋላ ያለውንስ አይተዋል?

በመጪው ቅዳሜ ደግሞ እንሄዳለን፤ ጾመ ነቢያት ሳይገባ።