የቡናው ብር ሳይበተን ለአሳዳጊዎች መቋቋሚያ ይመደብ

የጌዴኦ ቡና በዓመት አንዴ ይደርሳል፤ ልጅ ግን በየቀኑ ይርበዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር በወርቃና በገደብ ዙሪያ ያሉ መንደሮች ገንዘብ ያያሉ። ቀይ እሸት ይለቀማል፣ ማጠቢያ ጣቢያዎች ይሟሟቃሉ፣ ሴቶች ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ሲለዩ ይውላሉ። ክረምት ሲገባ ያ ሁሉ ገቢ ይደርቅና ብዙው ቤት በእንሰት ይከርማል። ያኔ ከሁሉ የሚከብደው የቤቱን ሸክም ብቻውን ለተሸከመ ሰው ነው፦ የሟች ልጇን ልጆች ለምታሳድግ አያት፣ አካል ጉዳተኛ ልጅ ላላት እናት፣ አልጋ የያዘ ባሏን ለምታስታምም ሚስት፣ ታናናሾቹን ለሚያሳድግ ወጣት።

ይህ ጥሪ ስለ እነሱ ነው።

እነዚህ ሰዎች ሥራ አይጠሉም። የቀን ሥራ ከማለዳ እስከ ማታ ከቤት መውጣትን ይጠይቃል፤ በሽተኛ ወይም ሕፃን የምትጠብቅ ሴት ግን ጊዜዋ የተቆራረጠ ነው። የሚያዋጣት በደጇ ሆና የምትሠራው ነው፦ ጥቂት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች፣ ሁለት የሚደልቡ በጎች፣ ቡላና ቆጮ ከጎረቤት ገዝቶ መቸርቸር፣ ዳቦ ጋግሮ መሸጥ፣ አቮካዶ ሰብስቦ ለገበያ ማቅረብ። ለዚህ የሚያስፈልገው መነሻ ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ግን ያንን ትንሽ ከየትም አታገኘውም።

አካባቢው ብዙ መከራ አሳልፏል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሲፈናቀል፣ ገደብ እጅግ ብዙ ተፈናቃይ ካስጠለሉት ወረዳዎች አንዱ ነበር። በዚያ ዘመን የተቃጠለን ቤትና የጠፋን ከብት መተካት ዓመታት ይወስዳል። በመስከረም 2016 ደግሞ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ዓለም ካደነቀው የእንሰትና የቡና ጥምር እርሻ ውስጥ እንሰቱን የሚፍቁት፣ ቆጮውን ጉድጓድ ውስጥ የሚያብላሉት ሴቶች ናቸው። ክብሩ በእጃቸው ሥራ የመጣ ስለሆነ ጥቅሙም እጃቸው ይግባ።

እንዲህ ያለ ድጋፍ እንደሚሠራ ተፈትኖ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች ከ10,000 በላይ ድሃ ቤተሰቦችን ተከታትሏል። ለቤተሰቦቹ የተሰጣቸው በግ፣ ፍየል ወይም ሌላ መነሻ ብቻ አልነበረም። ሥራው እስኪቆም የሚበላ ነገር ወይም ቀለብ የሚሆን ገንዘብ፣ ሥልጠና፣ የቁጠባ ልምድና ቤት ለቤት የሚከታተል ሰው ተጨመረላቸው። ድጋፉ ካበቃ ከዓመት በኋላም ኑሯቸው ድጋፉን ካላገኙ ቤተሰቦች የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ከስድስቱ ወጪውን ያልመለሰው የሆንዱራሱ ነው፤ እዚያ ብዙዎቹ የወሰዷቸው ዶሮዎች በበሽታ አለቁ። ለወርቃ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ዶሮ የሚሰጥ የፈንግል ክትባትም አብሮ ይስጥ።

ሌላም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 ኬር የተባለው ድርጅት በኒጀር የመንደር ሴቶችን በትንንሽ ቡድን አደራጅቶ በየሳምንቱ ማስቆጠብና ከዚያው ማበደር ጀመረ። የቁጠባ ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹም በሦስት አባላት እጅ ይቀመጣሉ። እቁብና እድር ለለመደ ሕዝብ ይህ እንግዳ አይደለም።

ስለዚህ የሚጠየቀው ይህ ነው።

እድሮችና አብያተ ክርስቲያናት በየቀበሌያቸው ብቻቸውን የሚያሳድጉና የሚያስታምሙ ሰዎችን ይመዝግቡ። ችግረኛውን ከጎረቤቱ በላይ የሚያውቅ የለም። ለአሥራ አምስት ወይም ለሃያ ሰው አንድ ቡድን ያቋቁሙ፤ ገበያ ለምትወጣዋ ልጇን ወይም በሽተኛዋን በተራ የሚጠብቅ ሰውም ይመድቡ። ይህ ከገንዘቡ እኩል ያስፈልጋል።

የቡና ህብረት ሥራ ማህበራት ከትርፍ ክፍፍሉ ጥቂት ለመቋቋሚያ ይመድቡ። የመጀመሪያው ገንዘብ ስጦታ እንጂ ብድር አይሁን፤ ልጅ በታመመ ቀን ዶሮዋ ትሸጥና ዕዳው ብቻ ይቀራልና። ሥራው እግር ከተከለ በኋላ ወደ ብድር መሄድ ይቻላል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትንና ምርትን የመሳሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲያዝ ፈቅዷል፤ ኦሞ ባንክና ሌሎቹ አበዳሪዎች ይህን በር ለእነዚህ ቡድኖች በተግባር ይክፈቱላቸው።

የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በመንግሥት የሌማት ትሩፋት መርሃ ግብር ጫጩቶች ሲከፋፈሉ አሳዳጊዎችን ያስቀድም፤ ክትባቱንም ይከታተል። የዲላ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የቢዝነስ ተማሪዎች አንድ አንድ ቡድን ይዘው ሂሳብ አያያዝ ያስተምሩ። ዲላ ያሉ ምግብ ቤቶች ከእነዚህ ሴቶች እንቁላልና ዳቦ በቋሚነት ለመግዛት ይስማሙ፤ የታወቀ ገዢ ያላት ነጋዴ ክረምትን አትፈራም።

አዲስ አበባና ውጭ አገር ያለ የጌዴኦ ተወላጅ ደግሞ አንድ ቤተሰብ ይያዝ። አንዴ ልኮ አይተው፤ ሁለት ዓመት በየወሩ እየደወለ ሥራው እንዴት እንደሆነ ይጠይቅ።

ጊዜው ተቆርጧል። ዝርዝሩ እስከ መስከረም መጨረሻ ይጠናቀቅ፣ መዋጮው ቡናው እየተሸጠ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይሰብሰብ፣ ዶሮውና በጉ በጥር ተገዝቶ ይታደል። ከግንቦት በፊት የጀመረች እናት ክረምቱ ሲገባ የምትሸጠው ነገር ይኖራታል። ይህን ያነበበ ሁሉ በዚህ ሳምንት ለእድሩ ዳኛ ወይም ለህብረት ሥራ ማህበሩ ሊቀመንበር ይደውልና ዝርዝሩ መቼ እንደሚጀመር ቀን ያስቆርጥ።