ነጥቦቹን ማን ቀለም ቀባቸው?

ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ በየቡና ቤቱ አዲስ ዓይነት ማስረጃ ይዘዋወራል። ባለ ብዙ ቀለም ነጥቦች የተበተኑበት ሥዕል ከእጅ ስልክ ይከፈትና «ይኸው ሳይንሱ! እኛና እነሱ አንድ አይደለንም» ይባላል። ፖለቲካው የከፋፈለን አልበቃ ብሎ ኮምፒዩተር ምስክር ሆኖ ተጠርቷል።

ለመሆኑ ሥዕሉ ምንድን ነው? ከየሰዉ ደም ወይም ምራቅ የተነበቡ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ የዘረ-መል ልዩነቶች ወደ ስታቲስቲክስ ፕሮግራም ይገባሉ። ፕሮግራሙ ሰዎቹ ይበልጥ የሚለያዩባቸውን ሁለት አቅጣጫዎች ፈልጎ እያንዳንዱን ሰው አንድ ነጥብ ያደርገዋል። ቀለሙን የሚቀባውና የብሔረሰቡን ስም የሚለጥፈው ግን ተመራማሪው ነው። ከአንዱ ወገን ብዙ ናሙና ቢጨመር ሥዕሉ ራሱ ይለወጣል። ሰዎችን በምድብ የሚከፍለው ሌላው ፕሮግራም ደግሞ ለስንት እንደሚከፍል ይነገረዋል፤ አምስት ሲሉት አምስት፣ ሰባት ሲሉት ሰባት ያወጣል። (ካርታ ሲሸነሸን ላየን ለእኛ ይኽ አሠራር እንግዳ አይደለም።)

የአሪን ጉዳይ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2012 ፓጋኒና ባልደረቦቹ ባወጡት የኢትዮጵያውያን ጥናት፣ በጂንካ ዙሪያ የሚኖሩት የአሪ አንጥረኞች ከአሪ አራሾች ተለይተው ታዩ። የራሳቸው ቀለም ወጣላቸው። «ድሮም ዘራቸው ሌላ ነው» ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ስጦታ አለ?

እ.ኤ.አ. በ2015 ግን ሉሲ ቫን ዶርፕና ባልደረቦቿ ጉዳዩን መልሰው መረመሩት። ሁለቱን ወገኖች እርስ በርስ ማወዳደሩን ትተው፣ ከአሪ ውጭ ካሉ ሕዝቦች ጋር ብቻ ሲያነጻጽሯቸው ልዩነቱ ጠፋ። ምንጫቸው አንድ ነው፤ የተለያዩትም ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ነው። አንጥረኛውን የሚያገባው ስለጠፋ ጥቂት ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲጋቡ ኖረው ዘረ-መላቸው ጠበበ፤ ሥዕሉም አራቃቸው። ኮምፒዩተሩ የለካው ንቀታችንን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ እኛ ዛሬም በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ልጆቻችንን ስንድር «ዘሩ ከወዴት ነው?» እንላለን።

በዚያው በ2012 ጥናት ከአማራ፣ ከኦሮሞና ከትግራይ የተወሰዱት ናሙናዎች እጅግ የተቀራረቡ ሆነው ተገኝተዋል። ይኼኛውን ሥዕል በስልኩ ይዞ የሚዞር ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመንም።

ፕሮግራም የያዘው ሰውም ይሳሳታል። በጋሞ ደጋ ከሞታ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት ሰው ዘረ-መል እ.ኤ.አ. በ2015 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ሲወጣ፣ ከዩራሲያ የመጣ ዝርያ በመላው አፍሪካ ተሠራጭቷል ተብሎ ነበር። በ2016 መጀመሪያ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አረሙት፦ የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው እንዲስማማ የምትቀይር አንዲት ትእዛዝ ሳትሠራ ቀርታ ኖሯል። የምሥራቅ አፍሪካው ውጤት ጸና፤ «መላው አፍሪካ» የሚለው ከርዕሱ ወጣ። ሳይደብቁ ማረማቸው ያስመሰግናቸዋል። በመንግሥት ጋዜጣ ቤት እንዳረጀን ሰዎች ግን አንድ ነገር እናውቃለን፤ ርዕሱ የፊት ገጽ ነው፣ ማረሚያው የውስጥ ገጽ።

እንግዲህ ሥዕሉን ለሚያሳየን ወገናችን ጥያቄ አለን፦ ስንት ሰው ተለካ? ከየትኛው ወረዳ? ለስንትስ እንዲከፈል ታዘዘ?